ዝም ያለችው ላም

ዓርብ ጠዋት እትዬ ከቤቱ የከብት ወገን ባዶ ቅርጫት ይዘው ወጡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ቅርጫቱን አዩ፣ ዞር ብለው ወደ ውስጥ አዩ፣ ከዚያ ለባለቤታቸው በአገራቸው ቋንቋ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ጋሼ ይጠርቡት የነበረውን የመጥረቢያ እጀታ መሬት ላይ አስቀምጠው ተነሡ።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩ።

«ላም አልጣለችም» አሉኝ እትዬ በአማርኛ። «ከማታ ጀምሮ ምንም የለም።»

እበት ማለታቸው ነው። ሰው ባዶ ቅርጫት አይቶ ለምን እንደሚደነግጥ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነበር፤ ከቡታጅራ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ የመስቃን መንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሼና እትዬ የምላቸው አከራዮቼን ነው። ትልቁ ቤታቸው ክብ ነው፤ ግማሹ የሰው፣ ግማሹ የከብት፤ መካከሉ ላይ ወገብ የሚደርስ የእንጨት ርብራብ አለ። ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ የላሚቱ ትንፋሽ ከጀርባችን ይሰማናል። ጠዋት ጠዋት እትዬ የከብቱን ወገን ጠርገው፣ እበቱን በቅርጫት እየሞሉ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንሰት ተክል ይወስዳሉ። እንሰት እበት ካላገኘ አይወፍርም፤ እንሰት ካልወፈረ ቆጮ የለም። ስለዚህ በዚያ አገር እበት ቆሻሻ አይደለም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚበላ ምግብ ነው። ሥራው የሴቶች ስለሆነም የከብት ሆድ ሲበላሽ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እበቱ ቀጠነ፣ ደረቀ፣ ሽታው ተለወጠ ይላሉ። ምንም የለም ሲሉ ግን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር።

በዚያ ቤት የነበረችው ላም አንዲት ናት። እሷም የእነሱ አልነበረችም።

ይህንንም ላስረዳ። ባለቤቷ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ናቸው። ለጋሼ የሰጧቸው በርቢ ነው። ርቢ ማለት ከብት ያለው ሰው ከብት ለሌለው አንዲት ላም ይሰጠዋል፤ ጠባቂው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቷንና እበቷን ይጠቀማል፤ የመጀመሪያው ጥጃ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የጠባቂው ይሆናል። ውሉ የቃል ነው፤ የሚያጸናው የሰው ዓይን ነው። በርቢ ከብት ላይ ጠባቂው ቢላ አያነሣም። ከታመመች ባለቤቱ ተጠርቶ በዓይኑ ማየት አለበት። ሳያይ ከታረደች ሰው «ሥጋ አምሯቸው ነው» ይላል፤ ሳይጠራ ከሞተች «አስርበው ገደሏት» ይላል። በዚህ ስሙ የጠፋ ሰው ሁለተኛ ከብት የሚሰጠው አያገኝም።

የመጀመሪያውን ጥጃ ሐጂ ወስደውታል። አሁን ላሚቱ ሁለተኛውን ይዛ ወሯ ገፍቶ ነበር፤ ወተቷም ለዚሁ ከደረቀ ቆይቷል። እነዚህ ባልና ሚስት በትዳራቸው ዘመን ሁሉ የራሳቸው የሚሉት ከብት ኖሯቸው አያውቅም። የመጀመሪያቸው ሆዷ ውስጥ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ላሚቱን ደጅ አውጥተው ዋንዛው ሥር አስረዋታል። የኋላ እግሯን ወደ ሆዷ ትወረውራለች። ትተኛለች፣ ወዲያው ትነሣለች፤ አንገቷን አዙራ ቀኝ ጎኗን ታያለች፣ አንድ ሰው እዚያ ጋ የነካት ይመስል። ያቀረቡላትን የእንሰት ቅጠል አሸተተችና ተወችው። ጎረቤቶች ዙሪያዋን ቆመዋል።

«ተነፍታ ነው» አለ አንዱ። «ተልባ አጠጧት።»

«ዓይን ነው» አለች አንዲት አሮጊት። «ትናንት ውሃ ስትወርድ ያየኋት እኔ ብቻ አይደለሁም።»

«አንቺ ብቻ ብትሆኚማ ውሃው ሳትደርስ ትወድቅ ነበር» አላት ሰውየው፤ ሰውም ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

ተልባ በጠርሙስ አጠጧት፤ ግማሹ ከአፏ ተመልሶ ፈሰሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀርባዋን አጉብጣ አማጠች። ሁላችንም ጠጋ አልን። የወጣው እበት አልነበረም፤ እፍኝ የማይሞላ፣ የተዝለገለገ፣ ቀይ ሆኖ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነገር ነበር። እትዬ ፈጠን ብለው የእንሰት ቅጠል አለበሱት። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ በማለዳ ወደ ከተማ ሄድኩ። ሁለት ጉዳይ ነበረኝ፤ ለሐጂ መልእክት ማድረስና የከብት ሐኪም መፈለግ። ሐጂ ወደ ስልጤ አገር ለንግድ ሄደው በማግስቱ እንደሚመለሱ ሱቃቸው ውስጥ ነገሩኝ፤ መልእክቱን እዚያው ተውኩ። ሐኪሙን ለማግኘት ግን አልተቸገርኩም። ደስታ ለሚባለው ከብት ጨራሽ በሽታ ክትባት የሚሰጥ ቡድን ያን ሰሞን ከተማው ዳር ድንኳን ተክሎ ነበር። ረጅም፣ አፉ የማያርፍ የጎጃም ሰው አገኘሁ።

«ዶክተር…» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ዶክተሩ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ነው። እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ጭቃው የኔ ድርሻ ነው። ምን ሆነች?»

ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኩት፤ መራገጧን፣ መነሣት መተኛቷን፣ እበት ማቆሟን። እበቱ ላይ ስደርስ ፈገግታው ጠፋ። ሌላ ሳይጠይቅ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባና «ና፣ መንገዱን አሳየኝ» አለ።

ምርመራውን እያስረዳኝ ነው ያደረገው። «አስተማሪ ነህ፣ ተማር» አለኝ። መጀመሪያ ግራ ጎኗን በጭብጡ ገፋ። «ይህ የትልቁ ጨጓራ ቦታ ነው። ተነፍታ ቢሆን ኖሮ ይህ ወገን እንደ ከበሮ ይወጠር ነበር። አልተወጠረም።» ቀጥሎ ወደ ቀኝ ዞረ። ማዳመጫውን ጎኗ ላይ ለጥፎ አጠገቡን በጣቱ ፈንጠር አደረገ። ፊቱን ቋጠረ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና ደገመው። ከጎድን አጥንቷ ኋላ፣ ጥልቅ ከሆነ ቦታ፣ ባዶ በርሜል በጠጠር ሲመታ የሚሰጠው ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። ከሕያው ሥጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እጄን አንሥቼ ማዳመጫውን መለስኩለት።

«አየርና ውሃ ታፍኖበት የተነፋ አንጀት ነው» አለ። «መውጫ አጥቷል።»

አንገቷ ላይ ቆዳዋን ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። በመጨረሻ ሸሚዙን አውልቆ ክንዱን በሳሙና አራሰና በኋላዋ እስከ ትከሻው ድረስ አስገባ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ፈለገ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የላሚቱ ማቃሰት ብቻ ነበር። ክንዱን ሲያወጣ እበት የሚባል አልነበረበትም፤ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ እትዬ ትናንት የሸፈኑት ዓይነት ነገር ብቻ።

«ጥጃው በሕይወት አለ» አለ መጀመሪያ። «እግሩን ስነካው ሳበብኝ።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ ሌላውን ተናገረ። አንጀቷ ተዘግቷል። ተጠማዞ ይሁን፣ የማይፈጭ ነገር ውጣ ይሁን፣ ሳይከፈት አይታወቅም። የሚከፈትበት መሣሪያም ሆነ የሚከፍተው እጅ አዲስ አበባ ነው፤ በዚያ የጠጠር መንገድ ደግሞ በሕይወት አትደርስም።

«መድኃኒትስ?» አሉ ጋሼ።

«ለተዘጋ በር መድኃኒት የለውም፣ ጌታው። ከላይ የምታጠጧት ሁሉ እዚያው ተጠራቅሞ ነው የሚያስጨንቃት። ተልባውን ተዉላት።» ክንዱን እየታጠበ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን የምላችሁን ልብ ብላችሁ ስሙ። ነገ ሕመሙ ይተዋታል። መራገጥ ታቆማለች፣ ዝም ትላለች። የዳነች ይመስላችኋል። አልዳነችም። የታፈነው አንጀት ሞቶ ነው፤ የሞተ ነገር አያምም። ጥጃውን የምትፈልጉ ከሆነ በእግሯ ቆማ ሳለች ትታረድ፣ ወዲያው ሆዷ ይከፈትና ይውጣ። ወሩ ደርሷል፣ ሊኖር ይችላል። ከወደቀች በኋላ ግን እሷም ጥንብ፣ እሱም ጥንብ።»

«ላሚቱ የሰው ናት» አሉ ጋሼ።

«የማንስ ብትሆን?»

ጋሼ አልመለሱም። ሐኪሙ ወደ እኔ ሲያይ ስለ ርቢው በአጭሩ አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ባለቤቱ ከላሚቱ ቀድሞ እንዲደርስ ጸልዩ» አለና ወደ መኪናው ሄደ። ዕለቱ ቡድኑ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ የሚያልፍበት ቀን ነበር።

እሑድ ጠዋት ላሚቱ ዝም አለች።

ባይነገረን ኖሮ ደስ የሚል ጠዋት ነበር። እግሯን አትወረውርም፣ አትተኛም፣ አትነሣም። ዋንዛው ሥር ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። ዝንብ ዓይኗ ጥግ ላይ ሲያርፍ ጆሮዋን እንኳ አላራገበችም። ሁልጊዜ ከጎኗ የሚተኛው ውሻ ተነሥቶ አጥሩ ጋ ሄዶ ተኝቷል። ጋሼ ለጋ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው አፏ ውስጥ አስገቡላት፤ ተቀበለችው። ፊታቸው በራ። ግን አላኘከችውም። ቅጠሉ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ከአፏ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«መምህር» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሐኪም አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል» አልኩ፤ እውነት ስለሆነ። ቀጥዬ ግን ሐኪሙ ያሳየኝን ምልክቶች አንድ በአንድ እያነሣሁ ማስረዳት ጀመርኩ፤ የቀኝ ጎኗን ድምፅ፣ የቆዳዋን አለመመለስ፣ ዓይኗን። ጋሼ ቅጠሉን ቀስ ብለው ከአፏ ሲያወጡ ሳይ አቆምኩ።

ሐጂ ከቀትር በፊት በበቅሎ መጡ። ሰላምታቸውን ከአጥሩ ማዶ ጀምረው እያራዘሙ ገቡ፣ የሁሉንም ጤና ጠየቁ፣ ከዚያ ላሚቱ ፊት ቆሙ።

«ይህችን ነው እየሞተች ነው ብላችሁ የላካችሁብኝ? ወላሂ ከኔ ትሻላለች! እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ በበቅሎ መጣሁ፣ እሷ በአራት እግሯ ቆማለች።»

የተሰበሰበው ጎረቤት ፈገግ አለ። ሐጂ ጀርባዋን ዳበሱ። በዚህ ጊዜ መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ።

«ይኸው! ታመሰኳለች።»

«አታመሰኳም» አሉ እትዬ። «ጥርሷን ነው የምታፋጨው። የምታመሰኳ ላም ጉሮሮዋ ላይ ጉርሻው ሲወጣ ይታይ የለም?»

ሐጂ ጉሮሮዋን ተመለከቱ። የሚወጣም የሚወርድም አልነበረም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲፈጭ የሚመስል ድምፅ ብቻ ከአፏ ይሰማል። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው፤ ዝምታው ለምን እንደሚያስፈራ፣ ጥጃውን ማትረፍ የሚቻለው እስከ መቼ እንደሆነ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መምህር፣ ልጆቻችንን የምታስተምር ሰው ነህ፣ ቃልህን አልጥልም። ግን ሐኪሙ የታለ?»

«ሄዷል።»

«የሐኪም ነገር እንዲህ ነው። ሞትን ተናግሮ ይሄዳል፣ መቅበሩ ለኛ ይቀራል።» ወደ ጋሼ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ? ካንተ ጋር ነው የምታድረው።»

«ላሚቱ የርስዎ ናት።»

«የማን እንደሆነች አልጠየቅኩህም። ትሞታለች ወይስ ትድናለች?»

«የርስዎ ናት፣ ሐጂ። እንዳዩ ያድርጉ።»

ሐጂ ወደ ጋሼ ጠጋ አሉ። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ «ሆዷ ውስጥ ያለውስ የማን ነው?» አሉ።

ጋሼ መሬት መሬት ተመለከቱ። ትናንት ሐኪሙ ፊት ለምን ዝም እንዳሉ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። «ትሞታለች፣ ትታረድ» ቢሉ በእግሯ የቆመችን የሰው ላም ለራሳቸው ጥጃ ሲሉ ያሳረዱ ሰው ሊሆኑ ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ጥጃው ከእናቱ ጋር ሊሞት ነው። ሰዉ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሁሉም አፍ አፋቸውን ያያል። እውነቱን የሚያውቀው ሰው እውነቱን ለመናገር የማይችልበት ቦታ ላይ ቆሟል።

«እስከ ነገ እንያት» አሉ ሐጂ። «አላህ ያለው ይሆናል።» ወደ በቅሏቸው መሄድ ጀመሩ።

«ሐጂ፣ ቁም» አሉ እትዬ።

የእትዬ አማርኛ አንተንና እርስዎን አይለይም፤ ለኔም፣ ለሐኪሙም፣ ለወረዳው ገዥም ያው ነበር። ከሐጂ ጋር ግን ሁልጊዜ የሚነጋገሩት በአገራቸው ቋንቋ ነበር። ሐጂም በአማርኛ መጠራታቸው አስገርሟቸው ቆሙ።

«በአማርኛ የምናገረው መምህር እንዲሰማ ነው» አሉ እትዬ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው። «ምስክር ይሁን። ጥጃው ያንተ ነው። የመጀመሪያውም ያንተ፣ ሁለተኛውም ያንተ። እኔና እሱ ድርሻ የለንም። ተናገርኩ።»

«አንቺ ሴት…»

«አልጨረስኩም። አሁን ከሆዷ የምፈልገው የለኝም። አሁን አፌ ንጹሕ ነው። አሁን ስማኝ። እየሞተች ነው። እበቷን በእጄ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሦስት ጠዋት ባዶ ቅርጫት ይዤ ወጥቻለሁ። ትናንት እጄን ሆዷ ላይ ጫንኩ፣ ጥጃው በኃይል ገፋኝ። ዛሬ ጫንኩ፣ እንደ ትናንት አይደለም። ብታርድ አሁን እረድ። ባታርድ ነገ ቆዳዋን ከነጆሮዋ ሱቅህ ድረስ አመጣልሃለሁ።»

ጋሼ በድንገት እንደተመታ ሰው ሚስታቸውን ያያሉ።

«ሰማህ?» አሏቸው ሐጂ።

«ሰማሁ።»

«ያንተም ቃል ነው?»

«ተባለ» አሉ ጋሼ።

ሐጂ ኮታቸውን አውልቀው የበቅሏቸው ኮርቻ ላይ ጣሉ፤ ውሃ አስመጥተው ታጠቡ። ላሚቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ለማዞር ሲስቧት አንድ እርምጃ ተራመደችና የፊት ጉልበቷ ከዳት። ወጣቶቹ በትከሻቸው ደግፈው አዞሯትና አስተኟት። ያን ቀን ጠዋት ሙሉ የቆመችው ተደግፎ እንደቆመ አጥር እንደነበር ያኔ ሁላችንም አየን። ሐጂ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብለው አረዱ።

ጋሼ ሆዷ አጠገብ ተንበርክከው ቢላቸውን አውጥተዋል። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ።

«ነፍሷ ሳትወጣ ማንም አይንካት!»

በእስልምና ሥርዓት የታረደ እንስሳ ነፍሱ ፈጽሞ ሳትወጣ አይገፈፍም፣ አይከፈትም። ይህን አውቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚረዝም ግን አላውቅም ነበር። ደሙ ይፈስሳል፣ እግሯ ይንፈራገጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይንፈራገጣል። ከሆዷ ቆዳ ሥር ሌላ እንቅስቃሴ ይታያል፤ ከውስጥ የሚገፋ፣ ያበጠ ነገር፣ እዚህ ብቅ ይልና እዚያ ይጠፋል። ጋሼ ዓይናቸውን ከዚያ ላይ አላነሡም። ግፊያው እየቀነሰ ሄደ። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ መጣ። ከዚያ ቆየ። ከዚያ አልመጣም።

ሐጂ ጎንበስ ብለው የላሚቱን ዓይን በጣታቸው ነኩ። አልተርገበገበም።

«አሁን» አሉ።

የጋሼ ቢላ እንዴት እንደሄደ አላየሁም፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠልቆ ሲስብ ብቻ አየሁ። ጥጃው ረጅም፣ እርጥብና ልፍስፍስ ሆኖ ሣሩ ላይ ወደቀ። አልተነፈሰም። ጋሼ አፍንጫውን በጣታቸው ጠረጉ፣ በኋላ እግሩ አንጠልጥለው አራገፉት፣ እንደገና አስተኝተው አፍንጫው ውስጥ ገለባ አስገቡ።

«ሞቷል፣ ተወው» አለ አንዱ።

ጋሼ አልተውም። አፋቸውን አፍንጫው ላይ ገጥመው እፍ አሉበት፤ ደገሙ። ጥጃው አስነጠሰ። ራሱን አነሣ፣ ጣለ፣ እንደገና አነሣ። ጋሼ ጮክ ብለው ሳቁ፤ በዚያ ቤት ስኖር እንዲያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ወዲያው ሳቁ ተቋረጠ። የሰው ዕቃ ነክቶ እንደተያዘ ሰው እጃቸውን ከጥጃው ላይ አነሡ። ሴት ነበረች።

እትዬ ይህን ሁሉ አላዩም። ቃላቸውን ከተናገሩ ጀምሮ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከእንሰቱ ሥር የደረቀ ቅጠል ይሰበስቡ ነበር።

ሐጂም ጥጃዋን ቆመው አላዩዋትም። እጅጌያቸውን ሰብስበው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ሄዱ። ከፈርሱ ጀምረው ክንድ በክንድ በመዳፋቸው ውስጥ እያሳለፉ ይፈትሻሉ። ነጭ ነው። ቀጠሉ፤ ነጭ ነው። ጎረቤቱ ተጠግቶ አንገቱን አሰገገ። ሰዉ ምን እንደሚጠብቅ አውቄያለሁ፤ አንጀቱ ጤነኛ ከሆነ ባልና ሚስቱ ተማክረው የሐጂን ላም ያሳረዱ ሊሆኑ ነው፤ የእትዬ ቃልም የተንኮል ቃል ሊባል ነው። ሐኪሙ የለም። ምስክሩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የሰማሁት አንድ ድምፅ ነው። ሐጂ መፈተሹን ቀጠሉ። አንጀቱ በእጃቸው ውስጥ የሚያልቅ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ነጩ ወደ ወይን ጠጅ ተለወጠ። ተነፍቶ የአንድ ጎልማሳ ክንድ አህሏል። ትንሽ አለፍ ብሎ የሐጂ እጅ ቆመ። ስንጠጋ ሽታው መለሰን። አንጀቱ ራሱን ውጧል፤ የሸሚዝ እጅጌ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ እንደሚሆነው አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ታንቆ፣ እንደ ጉበት ጠቁሯል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሞልቷል፤ ከዚያ በታች ያለው ባዶ ነው።

ሐጂ ለሁሉም እንዲታይ በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት።

«ሐኪሙ አልዋሸም» አሉ። ከዚያ ወደ እንሰቱ ዞረው «አንቺም አልዋሸሽም» አሉ። እትዬ ቅጠላቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ጥጃዋ የመጀመሪያውን ወተት ቶሎ ማግኘት ነበረባት፤ በግቢው ውስጥ ወተት የለም። ከተማ ባለው የሐጂ ግቢ ግን በቅርቡ የወለደች ላም አለች። ሥጋውን የሐጂ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፤ በእስላም የታረደ ስለሆነ ክርስቲያኑ የጋሼ ቤት ከዚያ አይቀምስም። ሐጂ ጥጃዋን በጋቢያቸው ጠቀለሏት፣ በቅሏቸው ላይ ከኮርቻው ፊት አስተኟት፣ ከዚያ ሳይወጡ ቆሙ።

«ያን ቃል እኔ አላስገደድኩሽም» አሉ ለእትዬ ጀርባ።

«አላስገደድከኝም።»

«አሁን ልመልስልሽ ብል ሰው ምን ይላል? ተማክረው አሳረዷት፣ ቃሉም የማታለያ ነበር ይላል። ያንቺም ስም፣ የሱም ስም ይሄዳል።»

«አውቃለሁ። አትመልስ።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «ሣር መብላት ስትጀምር በርቢ አመጣላችኋለሁ። የመጀመሪያው የምትወልደው የኔ፣ ሁለተኛው የናንተ።»

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ጋቢው ላይ አላሳረፉም። «እስከዚያ ጥርሴ ከጠበቀኝ» አሉ።

ሐጂ ሳቁ፤ ሌላ የሳቀ አልነበረም። «ኢንሻአላህ ይጠብቅሻል» ብለው በቅሎዋ ላይ ወጡ። ጋሼ እስከ አጥሩ ሸኟቸውና ተመልሰው የማይበሉትን ላም ለመግፈፍ ቢላቸውን መሳል ጀመሩ፤ የሐጂ ሰዎች ሲመጡ ሥራው ተጀምሮ እንዲያገኙት።

በቅሎዋ መታጠፊያው ላይ ስትሰወር እትዬ የሰበሰቡትን ቅጠል አስቀምጠው ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ አንተ አይተሃል» አሉ። «እውነት ሴት ናት?»

«ሴት» አልኩ።

«ሴት» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁና ባለቤታቸውን ለማገዝ ወደ ዋንዛው ሄዱ።